ያገለገለ የፊልም ማሳያ መኪና፤ ስለ አመራረጡና ስለ አያያዙ

ያገለገለ ዕቃ የሚነግድ ሰው ዋጋው ዝቅ ያለውን ሁሉ እንደ ትርፍ ሊቈጥረው እንደማይገባ የታወቀ ነው። ይህም ይልቁንም በአሮጌ የፊልም ማሳያ መኪና ላይ እውነትነቱ ይጐላል። ሌላው መሣሪያ ሲበላሽ የሚጐዳው ብዙውን ጊዜ ራሱ ብቻ ሲሆን፥ ይህ መኪና ግን በውስጡ የሚያልፈውን ፊልም ጭምር ያጠፋል። ዛሬ እንዲህ ያለውን መኪና ከሚፈልጉት ሰዎች መካከል ከወላጆቻቸው የወረሱትን ፊልም ለማየት የሚሹ ይገኙባቸዋል፤ የነዚህም ፊልም ብዙውን ጊዜ ሁለተኛ ቅጂ የለውም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በጸሐፊነት በሚያገለግልበት የንግድ ቤት የደረሰውን መናገር ይጠቅም ይሆናል። አንዲት ወይዘሮ የወላጆቻቸውን የሠርግ ፊልም ይዘው መጥተው፥ ለሽያጭ በቀረበው መኪና እንዲታይላቸው ጠየቁን። መብራቱም ሞተሩም ደኅና ስለ ነበረ ሳንመረምር ፊልሙን አስገባን። ትርኢቱ ሲፈጸም ግን በሙሽሮቹ ፊት ላይ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የወረደ ጭረት ተገኘ። ምክንያቱም ፊልሙ በመብራቱ ፊት በሚያልፍበት ጠባብ በር ላይ ደርቆ የቆየ ጥቂት እድፍ ነበረ። ወይዘሮዋ አንድ ቃል ሳይናገሩ ፊልማቸውን ይዘው ሄዱ። የዚያን ጕዳት ዋጋ በምን ገንዘብ እንደምንከፍል እስከ ዛሬ አላወቅንም።

እንግዲህ ገዢ አስቀድሞ ሊያጣራው የሚገባው የፊልሙን ስፋት ነው። ኮዳክ የ16 ሚሊሜትርን ፊልም በ1923፥ የ8 ሚሊሜትርን በ1932፥ ሱፐር 8 የተባለውን ደግሞ በ1965 እ.ኤ.አ. ለገበያ አቅርቧል። የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ስፋታቸው አንድ ቢሆንም የቀዳዳቸው መጠን ይለያያል። ስለዚህ ለሁለቱም የሚሆን መቀያየሪያ ከሌለው በቀር ለአንዱ የተሠራው መኪና ለሌላው አይሆንም።

ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ኃይሉ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ሲሆን፥ የአሜሪካ 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ዝቅ ያደርጋል እንጂ ኸርዙን አይለውጥም። በዚህ ምክንያት ፍጥነቱ በኸርዝ የሚወሰን የአሜሪካ መኪና በሴኮንድ 24 ሥዕል ማሳየት ሲገባው 20 ብቻ ያሳያል፤ ድምፁም ይጐተታል፥ ይወፍራልም። ስለዚህ ለ50 ኸርዝ የሚለወጥ መዘውር እንዳለው ሻጩን መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሦስተኛው መለዋወጫ ነው። አምፑሉ ዛሬ በገበያ የማይገኝ የሆነ እንደሆነ መኪናው ከጌጥነት አያልፍም፤ ስለዚህ ከመኪናው በፊት የአምፑሉን ዐይነት ፈልጎ ማግኘት ብልህነት ነው። የጎማ ቺንጋ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል፥ ወይም እንደ ሬንጅ ይቀልጣል። በአንዳንድ የ16 ሚሊሜትር መኪናዎች ውስጥ ያለው የፕላስቲክ ጥርስም ይሰነጠቃል። ስለዚህ መኪናውን ከኤሌክትሪክ ነቅሎ በእጅ በዝግታ ማዞርና የሚይዝ ወይም የሚንቋቋ ነገር መኖሩን ማዳመጥ ይገባል። ለብዙ ዓመታት ያልሠራ መኪና ደግሞ ባለሙያ ሳያየው ኤሌክትሪክ ሊሰጠው አይገባም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ዋጋ በሌለው ቍራጭ ፊልም ይፈተን። ቍራጩ ሁለት ጊዜ ካለፈ በኋላ በብርሃን ፊት ተይዞ ይታይ። ጭረት ከታየበት፥ ወይም የቀዳዳው ጠርዝ ከተቀደደ፥ ጕድለቱ ሳይታረም የሰው ፊልም አይግባበት።

አያያዙም አስቸጋሪ አይደለም። ከእያንዳንዱ ትርኢት በፊት በሩን በለስላሳ ብሩሽ ማጽዳት፥ የደረቀውን እድፍ አልኮል በነካ ጥጥ ማለስለስ ነው። የማይለቅ ቢኖር በለስላሳ እንጨት ይነሣ እንጂ በቢላዋ ወይም በሌላ ብረት ፈጽሞ አይፋቅ። ዘይት አምራቹ ባመለከተው ቦታ ብቻ በጠብታ ይሰጥ፤ የበዛው ዘይት ወደ ፊልሙና ወደ ድምፅ ማንበቢያው ይፈስሳልና። አምፑል የሚለወጠው መኪናው ከተነቀለና ከቀዘቀዘ በኋላ ነው። ሃሎጂን አምፑልም በጨርቅ ይያዝ፤ የጣት ወዝ ዕድሜውን ያሳጥራል።

ፊልሙም ራሱ መመርመር አለበት። እንደ አቼቶ የሚሸት ፊልም መበስበስ የጀመረ ነው፤ የተኰማተረውም በመኪናው ጥርስ ይቀደዳል። እንዲህ ያለው ወደ ዲጂታል ለሚገለብጥ ባለሙያ ይሰጥ። ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. በፊት የተሠራ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ደግሞ ናይትሬት ሊሆን ስለሚችል፥ ባለሙያ ሳያረጋግጥ ወደ መኪና አይቅረብ። ናይትሬት አንድ ጊዜ ከተቀጣጠለ በውሃ አይጠፋም።

በጠቅላላው መኪናው ቢበላሽ ሌላ ይገዛል፤ ሠርጉ ግን ሁለተኛ አይደገስም። ስለዚህ ሻጭ ለደንበኛው መኪናውን ከማስረከቡ በፊት የተፈተነበትን ቍራጭ ፊልም አብሮ ቢያሳየው፥ ከማናቸውም የቃል ዋስትና የበለጠ መታመንን ያተርፋል።