ከመርከብ ማራገፊያ እስከ መናፈሻ፦ የጋምቤላ የባሮ ዳርቻ

የጋምቤላ ከተማ አሮጌ እምብርት የተቆረቆረው ለመርከብ ንግድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከብሪታንያ ጋር የተፈራረሙት ውል በባሮ ዳር፣ ኢታንግ አካባቢ፣ ከ400 ሄክታር ያልበለጠ መሬት ለንግድ ጣቢያ በኪራይ እንዲሰጥ ይፈቅድ ነበር። ጣቢያው ኋላ የተተከለው ግን ጋምቤላ ላይ ነው። ከጎሬና ከሳዮ በበቅሎ የወረደ ቡና እዚህ ተጭኖ ወደ ካርቱም ይሄድ ነበር፤ በመልሱ ጨውና ጨርቅ ይመጣ ነበር። ባሮ መርከብ የሚሸከመው ክረምት ላይ ብቻ ስለሆነ በጋ ሲገባ ወደቡ ጭር ይል ነበር። ሱዳን ነጻ በወጣችበት እ.ኤ.አ. በ1956 ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ።

መርከቡ ቢቀርም ሕዝቡ ከዳርቻው አልራቀም። ልብስ የሚያጥበው፣ ገላውን የሚታጠበው፣ ዓሣ የሚያጠምደው ሁሉ የሚገናኘው ወንዙ ላይ ነው። ማንም ንድፍ ሳያወጣለት የከተማው ዋና አደባባይ ይኸው ዳርቻ ሆኗል ማለት ይቻላል።

በአዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ2024 የተጀመረው የኮሪደር ልማት ጋምቤላንም ጨምሮ ወደ ክልል ከተሞች ተዛምቷል። ሰፊ የእግረኛ መንገድና መብራት ለጋምቤላም ይጠቅማል። ይሁን እንጂ ከባሕር ወለል 500 ሜትር ገደማ ብቻ ከፍ ባለችው በዚህች ከተማ፣ በየካቲትና በመጋቢት ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲጠጋ፣ ጥላ የሌለው አግዳሚ ወንበር ፀሐይ እስክታዘቀዝቅ ድረስ ማንም አይቀመጥበትም። ዘንባባ ለዓይን ያምራል እንጂ ጥላው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። አንድ ያረጀ የማንጎ ዛፍ ግን ጀበና ጥዳ ቡና የምትሸጥን ሴት ከነደንበኞቿ ያስጠልላል፤ አስፋልት ለማስፋት እንዲህ ያለውን ዛፍ መቁረጥ ለሠላሳ ዓመት የሚቆጭ ስህተት ነው።

ሁለተኛው ጉዳይ የውኃው ከፍታ ነው። ባሮ ክረምት ሞልቶ በጋ ይወርዳል። ቀጥ ያለ የድንጋይ ግንብ ዳርቻውን ከመሸርሸር ቢጠብቅም ባልዲ የያዘችውን ሴት ከወንዙ ያቆራርጣታል። እየሰፋ የሚወርድ ደረጃ ግን ውኃው የትም ይድረስ የት ያገለግላል። አዞ ስላለ የመታጠቢያው ቦታ ከጥልቁ ውኃ መከለል ይኖርበታል።

ከሁሉም የሚከብደው የሰፈሮች መለያየት ነው። በአኙዋና በኑዌር ሕዝቦች መካከል ግጭት በተነሣ ቁጥር ሰው ከሰፈሩ መውጣት ይፈራል። ገበያውና ወንዙ ሁሉም ከሚገናኝባቸው ጥቂት ቦታዎች ናቸው፤ በዳርቻው የሚሠራው መናፈሻ በአንድ ሰፈር በኩል ብቻ መግቢያ ካለው የዚያ ሰፈር ንብረት ይመስላል። ከየአቅጣጫው በር፣ ከሩቅ የሚታይ ክፍት ሜዳና የምሽት መብራት ያስፈልጉታል። የሰዓት እላፊ በታወጀ ጊዜ ግን መብራቱ የሚያበራው ለባዶ ወንበር ነው።