የመንገድና የሕዝብ ማመላለሻ ስያሜዎች፤ ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ

አንድ ከተማ የመንገዱንና የሕዝብ ማመላለሻውን የረጅም ጊዜ ዕጣ ለመወሰን አማራጮችን በሚያመዛዝንበት ጊዜ ጥናቱ በአብዛኛው የሚጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ምክክሩ ግን የሚካሄደው በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል የሚቆመው ተርጓሚው ነው። ስለዚህ ተርጓሚው የሚመርጠው ቃል የአነጋገር ጌጥ ሳይሆን፣ ነዋሪው ምን እንደ ተጠየቀ የሚረዳበት መሣሪያ ነው። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት ስያሜዎች ጥቂቶቹን ወስደን፣ በምዕራብ ጎጃም በሚገኙ ከተሞችና ገጠሮች ቢነገሩ ምን ትርጉም እንደሚሰጡ ለመመርመር እንሞክራለን።

ቦታውን የመረጥነው ያለ ምክንያት አይደለም። ከአዲስ አበባ በደጀንና በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚያልፈው አውራ ጎዳና ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አቋርጦ ይሄዳል። ከቡሬ ደግሞ ዐባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት የሚወስድ መንገድ ይገነጠላል። በዚህም የተነሣ አንዱ መንገድ በአንድ ጊዜ የአገር አውራ ጎዳናም የከተማ ዋና መንገድም ሆኖ ያገለግላል፤ ከሩቅ የመጣ የጭነት መኪና፣ የከተማው ባጃጅ፣ እህልና በርበሬ የጫነ ጋሪ፣ በእግሩ ወደ ገበያ የሚሄድ ገበሬም ይጋሩታል። እንዲህ ያለ ከተማ ያለውን መንገድ ለማስፋት፣ ወይም ከከተማው ውጭ ሌላ ለማውጣት፣ ወይም የውስጥ መንገዶችን አሻሽሎ የሕዝብ ማመላለሻውን ለማደራጀት ሊያስብ ይችላል። የሦስቱም ጥቅምና ጉዳት የሚያርፍባቸው ሰዎች የተለያዩ ናቸው። እንግዲህ ስያሜዎቹ ይህን ልዩነት ማሳየት አለባቸው።

ሀ) መንገድ፣ ፍኖት፣ ጎዳና

ቀድሞ ወጀት ትባል የነበረችው ከተማ ስሟን ያገኘችው ከግእዙ «ፍኖት» ነው። «ፍኖት» «ፈነወ» (ላከ) ከሚለው ግሥ የወጣ ሲሆን፣ «መንገድ» ግን «ነገደ» ከሚለው ይወጣል፤ ይኸውም «ንግድ»፣ «ነጋዴ» እና «እንግዳ» ከሚሉት ቃላት ጋር ዘመድ ነው። በቋንቋችን ግንዛቤ እንግዲህ መንገድ ለመላላክና ለመገበያየት የተገኘ ነገር ነው ማለት ይቻላል። «አውራ ጎዳና» ደግሞ «አውራ» (ዋና፣ መሪ) ከሚለው ጋር ተጣምሮ፣ በተለይ አውራ ጎዳና ባለሥልጣን በ1943 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ፣ የሙያ ቃል ሆኖ ጸንቷል።

ከእነዚህ በታች ሕዝቡ ራሱ የለያቸው ደረጃዎች አሉ። «የእግር መንገድ»፣ «ጥርጊያ» (ከ«ጠረገ»)፣ «ጠጠር መንገድ» ወይም ከጣሊያንኛ የተወሰደው «ፒስታ»፣ «አስፋልት»፣ እንዲሁም የተበላሸውን የሚገልጸው «ኮረኮንች» ይገኛሉ። «ክረምት ከበጋ የሚያስኬድ መንገድ» የሚለው አባባል ደግሞ የሙያውን ሐሳብ ሳያጎድል የያዘ ነው። የገጠር ቀበሌዎችን ሁሉ በመንገድ ለማገናኘት በ2003 ዓ.ም. የተጀመረው ፕሮግራም «ተደራሽነት» የሚለውን ቃል አስፋፍቷል። ቃሉ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን መንገዱ በሐምሌ ያስኬድ እንደ ሆነና እንዳልሆነ አይናገርም። ለገበሬው ግን ቁም ነገሩ እርሱ ነው።

ለ) ማሻሻል

በእንግሊዝኛ ጥናት ውስጥ በየስማቸው የተለዩ ሥራዎች በአማርኛ ሁሉም «ማሻሻል» ተብለው ሲጻፉ እናያለን። ይህ ስሕተት ነው። የሚከተለውን አከፋፈል እናቀርባለን። በየዓመቱ ጉድጓድ መድፈንና ቦይ መጥረግ «መደበኛ ጥገና» ይባል። በየተወሰኑ ዓመታት የመንገዱን ገጽ ማልበስ «ወቅታዊ ጥገና» ሲባል ቆይቷል፤ ነገር ግን «ወቅታዊ» በዛሬው አነጋገር «የአሁን ጊዜ» ማለትም ስለ ሆነ «በየወቅቱ የሚደረግ ጥገና» ማለቱ ይሻላል። የተበላሸውን ወደ ቀድሞ ይዞታው መመለስ «መልሶ ማደስ»፣ ጠጠሩን ወደ አስፋልት መለወጥ «ደረጃ ማሳደግ»፣ ስፋቱን መጨመር «ማስፋት» ይባል። የመጀመሪያዎቹ አራቱ በአብዛኛው ባለው ስፋት ላይ ሊፈጸሙ ይችላሉ። አምስተኛው ግን የሰው አጥርና ቤት ሊነካ ይችላል። ሁሉንም «ማሻሻል» ብሎ የጻፈ ተርጓሚ፣ ቤቱ የሚነሣበትን ሰው ጉድጓድ ከሚደፈንለት ሰው ጋር በአንድ ቃል አጠቃሏል ማለት ነው።

ሐ) አማራጭ፣ ተለዋጭ፣ ባለበት ማቆየት

«አማራጭ» እና «ተለዋጭ» በልማድ ይቀያየራሉ። በሥራ ምክንያት መንገድ ሲዘጋ ለጊዜው የሚኬድበት «ተለዋጭ መንገድ» ነው፤ ሥራው ሲያልቅ ይቀራል። ለምርጫ የቀረበ ሐሳብ ግን «አማራጭ» ነው። ከከተማው ውጭ የሚወጣውና አላፊውን መኪና የሚወስደው ቋሚ መንገድ ከሁለቱም የተለየ ስለ ሆነ «ማለፊያ መንገድ» እንዲባል እንመክራለን። በአዲስ አበባ የተለመደውን «ቀለበት መንገድ» ለዚህ መዋስ አይገባም፤ ቀለበት ዙሪያውን የሚገጥም ነው፤ ማለፊያ ግን በአንድ ወገን ብቻ ያልፋል። ልዩነቱ ለፍኖተ ሰላም ወይም ለቡሬ ነጋዴ ትልቅ ነው። አላፊ መኪና በደጁ ካልቆመ የምግብ ቤቱና የሱቁ ገቢ ይለወጣልና፣ ማለፊያ መሆኑን አውቆ ሊከራከርበት ይገባዋል።

ዕቅድ አውጪዎች ከአማራጮቹ ጋር ሁልጊዜ ምንም ለውጥ የማይደረግበትን ሁኔታ ለማነጻጸሪያ ያቀርባሉ። ይህን «ምንም ያለማድረግ አማራጭ» ብሎ መተርጎም በአማርኛ ወቀሳ ይመስላል፤ ስብሰባ ላይ ቆሞ ለስንፍና ድምፅ የሚሰጥ ሰው አይገኝም። «ባለበት ማቆየት» ቢባል ግን ሐሳቡ ከሌሎቹ እኩል ይመዘናል። እንዲሁም «የረጅም ጊዜ»፣ «ዘላቂ» እና «ቋሚ» ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የሃያ ዓመት ዕቅድ ሁሉ ዘላቂ አይደለም።

«ተዘጋ» የሚለው ግሥም ጥንቃቄ ይሻል። መንገድ በሥራ ይዘጋል፤ በጎርፍና በመሬት መንሸራተት ይዘጋል፤ በክልሉ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ከተነሣው ግጭት ወዲህም በጸጥታ ምክንያት ሲዘጋ ታይቷል። ስለ መንገድ አስተማማኝነት የሚተረጉም ሰው ምክንያቱን ከግሡ ጋር ካልጻፈ፣ የመሐንዲሱን ችግርና የሰላሙን ችግር ያምታታል።

መ) ማመላለሻ፣ መጓጓዣ፣ ትራንስፖርት

«ማመላለሻ» ከ«ተመላለሰ» የመጣ ስለ ሆነ በውስጡ መመለስን ይዟል፤ በታወቀ መሥመር ሄዶ የሚመጣን አገልግሎት በሚገባ ይገልጻል። «መጓጓዣ» መሣሪያውን፣ ማለትም መኪናውን፣ ጋሪውን፣ በቅሎውን ይመለከታል። «ትራንስፖርት» ደግሞ ሥርዓቱን በሙሉ ለመጥራት ይጠቅማል፤ ቋንቋው ተቀብሎታልና ማባረር አያስፈልግም።

የሚያከራክረው «የሕዝብ» የሚለው ቅጽል ነው። የሕዝብ ሀብት ማለት ነው ወይስ ለሕዝብ ክፍት የሆነ? በሙያው የሚፈለገው ሁለተኛው ነው። ተርጓሚው የመጀመሪያውን ይዞ «የመንግሥት አውቶቡስ» ቢል፣ በእነዚህ ከተሞች የዕለት ተዕለት ጉዞውን የተሸከሙት ባጃጆችና ጋሪዎች ከውይይቱ ውጭ ይቀራሉ፤ ባለቤቶቻቸውም ጉዳዩ እንደማይመለከታቸው ቈጥረው ከስብሰባው ይቀራሉ። «የብዙኃን ትራንስፖርት» የሚለው በአንድ ጊዜ ብዙ ሰው ለሚጭኑት ለአውቶቡስና ለባቡር ብቻ ቢወሰን፣ «የሕዝብ ማመላለሻ» ለሁሉም ጠቅላላ ስም ሆኖ ሊያገለግል ይችላል።

ከዋና ከተማው ወደ ክፍላተ አገር የሚወርዱ ቃላትም አሉ። በአዲስ አበባ በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረው «ቀላል ባቡር» ስያሜው ከእንግሊዝኛው በቀጥታ የተተረጎመ ነው። በእንግሊዝኛው «ቀላል» የተባለው የመጫን ዐቅሙ ከከባዱ ባቡር ስለሚያንስ ነው፤ በአማርኛ ግን «ቀላል» የማያስቸግር ማለትም ነው። ዋጋ በሚመዘንበት ስብሰባ ላይ እንዲህ ያለው ስም ከስምነት አልፎ መከራከሪያ ይሆናል። ስለዚህ ቃሉን ጸንቶ ስለምናገኘው ብንጠብቀውም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲጻፍ ማብራሪያ እንዲታከልበት እንመክራለን።

የመቆሚያ ቦታዎቹን በሚመለከት ሕዝቡ አስቀድሞ ከፋፍሎልናል። «መናኸሪያ» የአገር አቋራጭ መኪኖች መነሻና መድረሻ ነው፤ «ተራ» መኪናዎች በወረፋ የሚጭኑበት ነው፤ «ፌርማታ» በመሥመር ላይ ለአጭር ጊዜ የሚቆምበት ነው። አዲስ ቃል መፍጠር አያሻም፤ የለያቸውን አለማደባለቅ ይበቃል።

ሠ) ወሰን ማስከበር

ከሁሉ የሚያሳስበን ይህ ነው። በእንግሊዝኛ አንዱ ስያሜ ሁለት ትርጉም አለው። በትራፊክ ሕግ ማን ቀድሞ ይለፍ የሚለው ነው፤ ለዚህ «ቅድሚያ» የሚለው የታወቀ ቃል አለን። በግንባታ ሥራ ደግሞ ለመንገዱ የተከለለውን መሬት ያመለክታል። በአገራችን የመንገድ ሥራ ቋንቋ ይህን መሬት ከቤትና ከንብረት ነጻ ማድረግ «ወሰን ማስከበር» ይባላል።

አሁን ይህን ሐረግ በጃቢ ጠህናን ወይም በቡሬ ዙሪያ ላለ ገበሬ እናንብብለት። ለእርሱ ወሰን ማለት ከጎረቤቱ ማሳ የሚለየው ድንበር ነው፤ ወሰን ማስከበር ማለትም ድንበሩ እንዳይገፋበት መከላከል ነው። በጽሑፉ ግን ወሰኑን የሚያስከብረው መንገዱ ሲሆን፣ የሚገፋው ደግሞ እርሱ ነው። «የወሰን ማስከበር ሥራ ይከናወናል» ተብሎ ሲነገረው መሬቱ የሚጠበቅለት መስሎት ቢያጨበጭብ ጥፋቱ የእርሱ አይደለም። አንድ ስያሜ ለተናጋሪው አንድ፣ ለሰሚው ደግሞ ተቃራኒውን ከነገረ፣ የስያሜነት ሥራውን አልፈጸመም።

የተሻለውን ቃል ከሩቅ መፈለግ አያስፈልገንም። ስለ መሬት ይዞታና ስለ ካሳ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ስለ ይዞታ መልቀቅ፣ ስለ ካሳና ስለ ተነሺዎች በግልጽ ይናገራል። ስለዚህ የተከለለው መሬት «የመንገድ ክልል»፣ ድርጊቱ «ይዞታ ማስለቀቅ»፣ የሚነካው ሰው «ተነሺ» እንዲባል እናሳስባለን። ቃላቱ ለጆሮ ይከብዳሉ። ነገር ግን ክብደቱ የነገሩ ነው፤ ቃሉ ያመጣው አይደለም።

ከላይ ከተዘረዘሩት ሁሉ አንድ መመዘኛ ለማውጣት ይቻላል። ስያሜው ከመጽደቁ በፊት በውሳኔው ይበልጥ ለሚነካው ሰው ተነብቦ፣ ምን እንደሚሰጠውና ምን እንደሚወስድበት ተረድቶ በራሱ አነጋገር መልሶ ሊናገረው ከቻለ፣ ቃሉ ለሥራው የተገባ ነው። ካልቻለ ግን ቃሉ በባለሙያዎች ዘንድ ምንም ያህል ቢለመድ ገና አልተተረጎመም። ባልደረቦቻችን ተርጓሚዎች ይህን መመዘኛ በየቦታቸው ፈትነው፣ ከላይ ያቀረብናቸውን ስያሜዎች እንዲያርሙና እንዲያሟሉ እንጋብዛለን።