ሥልጠና ብቻውን ሥራ አይወልድም

የኢኮኖሚ ቀውስ በመጣና የፋብሪካ በር በተዘጋ ቁጥር ከሁሉ አስቀድሞ ሜዳ ላይ የሚወድቀው ሠርቶ አደሩ ነው። ለዚህ ሠርቶ አደር ከየአቅጣጫው የሚሰጠው ምክርም አንድ ነው፤ «ተማር፣ አዲስ ሙያ ያዝ!» የሚል። ምክሩ በመሠረቱ ትክክል ነው። ሆኖም ተምሮ የሚገባበት ሥራ ካልተዘጋጀ ከባዶ ምክርነት አያልፍም፤ ይባስ ብሎም የቀውሱን ጥፋት ከፈጠሩት ላይ አንሥቶ በሠራተኛው ትከሻ ላይ ይጭነዋል። ይህን ሐቅ በጉልህ ከሚያሳዩት መካከል በአሜሪካ የማኅበረሰብ ኮሌጆች የታየው ተሞክሮ አንዱ ነው። (ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የማኅበረሰብ ኮሌጅ የሚባለው ከሕዝብ በሚሰበሰብ ግብርና ከተማሪዎች በሚከፈል አነስተኛ ክፍያ የሚተዳደር፣ በአብዛኛው እስከ ሁለት ዓመት የሚደርስ ትምህርት የሚሰጥ፣ በሩን ለአካባቢው ነዋሪ በሰፊው የከፈተ ተቋም ነው። ከእነዚህ መካከል ቀደምት የሆነው የጆሊየት ኮሌጅ በ1901 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት ተቋቋመ። በ1947 ፕሬዚዳንት ትሩማን የሰየሙት ኮሚሽን እንዲህ ያሉ ኮሌጆች በመላ አገሪቱ እንዲስፋፉ ሐሳብ አቀረበ። ዛሬ ብየዳ፣ የኤሌክትሪክ ሥራ፣ ነርስነት፣ የሒሳብ አያያዝ የሚማሩ ጎልማሶች በእነዚህ ኮሌጆች ከወጣቶች ጎን ይቀመጣሉ። ወደ አሜሪካ የተሰደዱ በርካታ ወገኖቻችንም ቋንቋውንና የመጀመሪያ ሙያቸውን የቀሰሙት በእነዚሁ ኮሌጆች ውስጥ ነው።

በ2008 የፋይናንስ ቀውሱ ሲፈነዳና በጥቅምት 2009 የሥራ አጡ ቁጥር ከመቶ 10 ሲደርስ መንግሥት ዓይኑን ወደነዚህ ኮሌጆች አዞረ። የመኪና ኢንዱስትሪ እምብርት የሆነችው ሚቺጋን ከቀውሱ አስቀድማ በ2007 ተፈላጊ በሆነ ሙያ ለሚሠለጥን ሠራተኛ በሁለት ዓመት እስከ 10 ሺህ ዶላር የምትከፍልበትን ዕቅድ አውጥታ ነበር። ጄኔራል ሞተርስ በሰኔ 2009 የኪሳራ ማመልከቻ ባቀረበ በወሩ ፕሬዚዳንት ኦባማ በዚያችው ሚቺጋን፣ በማኮም የማኅበረሰብ ኮሌጅ ተገኝተው በ10 ዓመት 12 ቢሊዮን ዶላር ለኮሌጆቹ እንዲመደብ የሚጠይቅ ዕቅድ ይፋ አደረጉ። በ2010 ምክር ቤቱ ያጸደቀው ግን ለሥራ ሥልጠና የሚውል 2 ቢሊዮን ዶላር ብቻ ሆነ፤ ይኸውም በአራት ዓመት ተከፋፍሎ የሚሰጥ ነበር።

ጄንስቪል ምን አስተማረች?

በዊስኮንሲን ክፍለ ግዛት፣ በሮክ ወንዝ ዳር የምትገኘው የጄንስቪል ከተማ ከ1919 ጀምሮ የኖረችው በጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ ነበር። ልጅ አባቱን፣ አባት አያቱን ተከትሎ በአንዱ የመገጣጠሚያ መስመር ላይ የሠራባት ከተማ ናት። የገና ዋዜማ ሊሆን አንድ ቀን ሲቀረው፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 2008፣ የመጨረሻዋ መኪና ከመስመሩ ወጣች። ለፋብሪካው መቀመጫ ይሠሩ የነበሩትና በዙሪያው የተሰባሰቡት ሌሎች ድርጅቶችም አብረው ፈረሱ። በሰዓት 28 ዶላር ገደማ ያገኝ የነበረው ሠራተኛ በአንድ ጊዜ ሜዳ ላይ ቀረ።

ብዙዎቹ የተሰጣቸውን ምክር ተቀብለው በአቅራቢያው ወዳለው ብላክሆክ የቴክኒክ ኮሌጅ ጎረፉ። የኮሌጁ መምህራንም በቅንነት ተቀበሏቸው። ከተማሪዎቹ መካከል ኮምፒውተር እንዴት እንደሚከፈት እንኳ የማያውቁ ስለነበሩ ትምህርቱን ከዚያ መጀመር ግድ ሆነ። ዕድሜውን ሙሉ በእጁ የሠራ ጎልማሳ እንደገና ደብተር ይዞ ከወጣቶች ጋር መቀመጡ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ጋዜጠኛዋ ኤሚ ጎልድስታይን በ2017 ባሳተመችው መጽሐፍ ከምሁራን ጋር ሆና ያካሄደችውን ጥናት አቅርባለች። እንደ ጥናቱ ከሆነ፣ በዚያ አካባቢ ከሥራ ከተባረሩት መካከል ኮሌጅ ገብተው የሠለጠኑት፣ ካልሠለጠኑት ይልቅ ሥራ የማግኘት ዕድላቸው ያነሰ፣ ደመወዛቸውም ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኝቷል።

ጉድለቱ የት ላይ ነው?

እዚህ ላይ ቸኩሎ «እንግዲያው ትምህርት አይጠቅምም» ማለት ታላቅ ስሕተት ይሆናል። በዋሽንግተን ክፍለ ግዛት ከሥራ የተፈናቀሉ ሠራተኞችን የተከታተሉ ተመራማሪዎች በ2005 እንዳሳተሙት፣ የአንድ ዓመት የማኅበረሰብ ኮሌጅ ትምህርት የዘለቄታ ገቢን ለወንዶች በ9፣ ለሴቶች በ13 ከመቶ ገደማ ከፍ ያደርጋል። የቴክኒክ፣ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርት የተከታተሉት ደግሞ ከሌሎቹ የበለጠ ተጠቅመዋል።

ልዩነቱ የሚመነጨው ከክፍሉ ውጭ ካለው ሁኔታ ነው። በጄንስቪል ሠራተኛው ሲማር ከተማዋ ሥራ አልፈጠረችም። ያልተማሩት ጥቂቱን የተረፈ ሥራ አስቀድመው ያዙት፤ ተማሪዎቹ ሲመረቁ በጠበበ ገበያ ውስጥ አዲስ ጀማሪ ሆነው በዝቅተኛው እርከን ተሰለፉ። መምህሩ አስተማረ፣ ተማሪው ተማረ፤ የጎደለው ቀጣሪ ነበር። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም እንዲሉ።

በአንፃሩ በኬንታኪ ክፍለ ግዛት በ2010 የቶዮታ ፋብሪካ ከአካባቢው ኮሌጅ ጋር የጀመረውን አሠራር እንመልከት። ሠልጣኙ በሳምንት ሁለት ቀን ይማራል፣ ሦስት ቀን በፋብሪካ እየተከፈለው ይሠራል። የሚማረው ማሽን በፋብሪካው የቆመው ማሽን ነው። ሥራው ከሥልጠናው በኋላ የሚፈለግ ሳይሆን ከሥልጠናው ጋር አብሮ የሚሄድ ነው። እርግጥ ነው፣ ይህ የሚሆነው ፋብሪካው በሩን ሳይዘጋ ሲቆም ነው።

የምንቀስመው ትምህርት

ይህ ጥያቄ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ልጁ ከቴክኒክና ሙያ ተቋም ተመርቆ የምስክር ወረቀቱን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የተቀመጠበት ወላጅ በየቀበሌው አለ። በአገራችን ሥልጠና ከድርጅቶች ጋር በትብብር ይሰጥ የሚለው መርሕ የተቀመጠውም ይህንኑ ክፍተት ለመድፈን ነው፤ መርሑ ግን የሚመዘነው በወረቀት ሳይሆን በወርክሾፕ ነው።

ስለዚህ ስለ ሥልጠና ዕቅድ በስብሰባ ሲነገረን ልንጠይቃቸው የሚገቡ ሦስት ጥያቄዎች አሉ። ሙያው በየትኛው ድርጅት ይፈለጋል? ሠልጣኙ በሚማርበት ወቅት ቤተሰቡ በምን ይተዳደራል? በምረቃው ማግስት የሚጠብቀው የሥራ ቦታስ የት ነው? ለእነዚህ መልስ ያለው ዕቅድ ኢኮኖሚን ለማንሣት እውነተኛ መሣሪያ ይሆናል። መልስ የሌለው ግን ሥራ አጥነትን በሁለት ዓመት ያራዝም እንደሆነ እንጂ አያስወግደውም።

የጄንስቪል ሠራተኛ አልሰነፈም፤ ተማር ሲባል ተምሯል። ያጎደለው እርሱ አይደለም።