የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና፤ ቢላዋው ከየት በኩል ይገባል?

አዲስ አበባ ልደታ ክፍለ ከተማ የሚገኘው ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከየክልሉ በሪፈር የሚላኩ ከባድ ሕመምተኞች መድረሻ ነው። በአገራችን በብዛት የሚሠራው የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና ግን ሰውን እዚያ ድረስ አያስኬድም። በገጠር ጤና ጣቢያ፣ ቆቡን ብቻ በሚያደነዝዝ መርፌ ተሠርቶ ባለጉዳዩ በዚያው ቀን ወደ ቤቱ ይመለሳል። በምሥራቅ እስያ የዓይን ቆብ ቀዶ ጥገና ሲባል ቶሎ የሚታሰበው የውበቱ ነው። የላይኛው ቆብ እጥፋት እንዲያወጣ ቆዳውን ቆቡን ከሚያነሣው ጅማት ጋር በክር ያያይዙታል፤ ወይም ቆዳውን ሰንጥቀው ይሰፉታል። ጃፓናዊው ሐኪም ሚካሞ የክሩን ዘዴ ያሳወቀው እ.ኤ.አ. በ1896 ነው። እኛ ዘንድ ግን የሚሠራው ዓይን እንዳይጠፋ ነው። በሁለቱም ዘንድ ውጤቱን የሚወስነው ቢላዋው የሚገባበት ቦታና የክሩ አያያዝ ነው።

ዓይንን የሚያጠፋው ችግር የሚጀምረው ከትራኮማ ነው። በልጅነት እየተመላለሰ የሚይዘው ይህ የባክቴሪያ ሕመም በቆቡ የውስጥ ገጽ ጠባሳ ይተዋል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ሲኮማተር የቆቡን ጠርዝ ወደ ውስጥ ያጥፈዋል፤ ሽፋሽፍቱም ዓይን በተርገበገበ ቁጥር ኮርኒያን ይፍቃል። እ.ኤ.አ. በ2005 እና 2006 በተካሄደው ብሔራዊ ጥናት ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት 3.1 በመቶው ይህ ችግር ነበረባቸው። ልጆችን የሚንከባከቡት በአብዛኛው ሴቶች በመሆናቸው ጉዳቱም በእነሱ ይበረታል።

የታጠፈውን ቆብ የሚያቃናው ቀዶ ጥገና በሁለት መንገድ ይሠራል። በአንደኛው ከጠርዙ በላይ ወደ ሦስት ሚሊ ሜትር ተርቆ ቆዳው፣ ጡንቻውና የቆቡ ጠንካራ ክፍል በሙሉ ይቆረጣል። በሁለተኛው ቆቡ ይገለበጥና ከውስጥ በኩል ብቻ ይቆረጣል፤ ቆዳውና ጡንቻው አይነኩም። በሁለቱም የተቆረጠው ጠርዝ ወደ ውጭ ዞሮ በክር ይያዛል። እ.ኤ.አ. በ2016 ውጤቱ የታተመ፣ በአማራ ክልል በ1,000 ሰዎች ላይ የተደረገ ጥናት ሁለቱን አነጻጽሯል። በዓመቱ ሽፋሽፍቱ ወደ ውስጥ የተመለሰባቸው በመጀመሪያው ዘዴ 22 በመቶ ሲሆኑ፣ በሁለተኛው 13 በመቶ ነበሩ። ዘዴው ምን ያህል እንደሚወስን ከዚህ በላይ ማስረጃ አያስፈልግም።

“በወረንጦ መንቀል አይበቃም ወይ?” የሚል ይኖራል። የተቀለበሱት ፀጉሮች ጥቂት ለሆኑና ቀዶ ጥገና ለማይፈልግ ሰው በጥንቃቄ መንቀል ይረዳል። ይሁን እንጂ ፀጉሩ መልሶ ይበቅላል፤ ወደ ውስጥ የዞረውም ጠርዝ እዚያው ነው። ሌላው፣ ሥራው ለዓይን ስፔሻሊስት ብቻ ይተው ባይ ነው። ስጋቱ ተገቢ ነው፤ በደንብ ያልታሰረ ክር ሰውን ለዳግም ቀዶ ጥገና ይዳርጋል። ነገር ግን ስፔሻሊስቶቹ የሚበዙት በከተማ ነው፣ ሕመሙ ደግሞ በገጠር። ስለዚህ መፍትሔው ቀዶ ጥገናውን በጤና ጣቢያ ለሚሠራው የሠለጠነ ነርስ ልምምድ፣ ክትትልና የተሻለውን ዘዴ መስጠት ነው። ሦስተኛው መከራከሪያ ባክቴሪያው ሳይጠፋ ቆብ ማቃናት ትርፉ ድካም ነው ይላል። አንቲባዮቲክ፣ ፊት መታጠብና ንጹሕ አካባቢ ለነገው ትውልድ ግዴታ ናቸው፤ ዛሬ ኮርኒያው የሚፋቅበትን ሰው ግን እነዚህ አያስጥሉትም፤ ቀዶ ጥገና ያስፈልገዋል። እንግዲያው የዘመቻ ሪፖርት ስንት ሰው እንደተሠራ ብቻ ቆጥሮ አይብቃ፤ በዓመቱ የስንቱ ሽፋሽፍት እንደተመለሰም ይንገረን።