በስልክ የሚበራና የሚጠፋ ሶኬት ይጠቅመናል? ኒምራ ታላታ ግቢያችን ውስጥ ካጣላን የመብራት ሒሳብ የተማርኩት

ሰሞኑን አንድ ወንድማችን ከጎሮም የስደተኞች ሰፈር ደውሎ፣ "በስልክ የሚታዘዝ ሶኬት ገበያ ላይ አይቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ብሬን ልያዝ?" አለኝ። (እዚህ ፓውንድ እየያዝንም አፋችን አሁንም "ብር" ነው የሚለው።) ጥያቄው የሱ ብቻ አይደለም። ካኩማ ያሉ ዘመዶችም፣ እዚሁ ጁባ ከተማ ውስጥ ቤት ተከራይተን የምንኖረውም ይሄንኑ ስንጠያየቅ ነው የምንውለው። እኔ ስማርት ሶኬት የሚባለውን ነገር ያወቅሁት በቅንጦት አይደለም፤ በጸብ ነው። ስለዚህ ከጸቡ ልጀምር።

የምኖረው ኒምራ ታላታ ነው፤ በዓረብኛ "ቁጥር ሦስት" ማለት ነው። አንድ ግቢ ውስጥ አምስት ክፍል ተከራይተን አንድ ቆጣሪ እንጋራለን። ጁባ ለረጅም ጊዜ በጀነሬተር ስትኖር የኖረች ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2019 ባለ 33 ሜጋ ዋቱ የነዳጅ ማመንጫ ተመርቆ መስመር መዘርጋት ሲጀመር ነው ብዙ ሰፈር ኮረንቲ ያገኘው። ቆጣሪው ቅድመ ክፍያ ነው፤ ዩኒት ትገዛለህ፣ ቁጥሩን ታስገባለህ፣ ሲያልቅ ቤቱ ጭልም ይላል። በኛ ግቢ ልማዱ አምስታችንም እኩል ማዋጣት ነበር። ታዲያ አንድ ወር ላይ ዩኒቱ በየአራት ቀኑ ማለቅ ጀመረ።

ጣት የተቀሰረው እትዬ ላይ ነው። እትዬ የምንላቸው እንጀራ ጋግረው ለሆቴል የሚያቀርቡ እናት ናቸው፤ ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት በዚያ ምጣድ ነው። "የኤሌክትሪክ ምጣድ እየጣዱ እኛ እኩል እንከፍላለን?" ያለው ለስላሳና ቀዝቃዛ ውሃ የሚሸጠው ጎረቤታችን ነው። ነገሩ ከረር ብሎ "ወይ ምጣዱ ይውጣ፣ ወይ እሳቸው ይውጡ" ተባለ። በስደት ላይ ሆኖ ደግሞ ከአንድ ግቢ መውጣት ምን ማለት እንደሆነ እናንተ አታጡትም። ሌላ ቤት፣ ሌላ ቅድሚያ ኪራይ፣ ሌላ ሰፈር፣ ሌላ ደንበኛ።

እኔ ከካምፓላ የመጣ አንድ ወዳጄ የሰጠኝ ስማርት ሶኬት ነበረኝ፤ ሳልከፍተው ተቀምጧል። ሁለት ዓይነት አለ። አንደኛው ማብራትና ማጥፋት ብቻ ይችላል። ሁለተኛው በውስጡ የሚያልፈውን ኮረንቲ ይለካል፤ አሁን ይሄ ዕቃ ስንት ዋት እየበላ ነው፣ ዛሬ ስንት ዩኒት በላ የሚለውን ስልክህ ላይ ያሳይሃል። የኔው ሁለተኛው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። "እስቲ ከመጣላታችን በፊት እንለካ" አልኩ።

ልኬቱን ከመናገሬ በፊት ሒሳቡን ላስረዳ፤ ቀላል ነው። አንድ ዩኒት ማለት 1000 ዋት የሚበላ ዕቃ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲሠራ የሚጨርሰው ነው። 9 ዋት አምፖል ሌሊቱን ሙሉ፣ ማለትም 12 ሰዓት ቢበራ የሚበላው 108 ዋት ሰዓት ነው፤ የአንድ ዩኒት አንድ አሥረኛ ትንሽ ቢያልፍ ነው። እኛ ደግሞ ለዓመት ያህል "የደጁን መብራት ማን ሳያጠፋ ተኛ" እየተባባልን ስንነታረክ ነበር! 2000 ዋት ካውያ ግን በአንድ ሰዓት የዚያን አምፖል የ18 ሌሊት ፍጆታ ይጨርሳል። የሚያሞቅና የሚያቀዘቅዝ ነገር ነው ቆጣሪ የሚያስሮጠው። አምፖልና ስልክ ቻርጀር አይደለም።

መጀመሪያ የእትዬን ምጣድ ልለካ ስል አንድ ነገር አገደኝ። ሶኬቱ ጀርባ ላይ 10 አምፔር ይላል። አምፔሩን በቮልቱ ስታበዛው፣ 10 ሲባዛ በ230፣ 2300 ዋት ይሆናል፤ ከዚያ በላይ አይችልም። የኛ የእንጀራ ምጣድ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከ3000 ዋት በላይ ነው፣ 3500 የሚደርስም አለ። 3500 ሲካፈል ለ230 ከ15 አምፔር ያልፋል። ስለዚህ ምጣድን በ10 አምፔር ሶኬት ላይ መሰካት ቤት ማቃጠል ነው። ባለ 16 አምፔር ቢሆንስ? በወረቀት ይችለዋል። ግን ሁለት ሰዓት ሳያርፍ ሲግል የሚቆይ ዕቃ ነው፤ ርካሽ የገበያ ሶኬት ደግሞ የተጻፈበትን ያህል ለመቻሉ ማን ዋስ ይሆናል? እኔ አላደርገውም። አንድ የማውቀው ልጅ ሞክሮት የፕላስቲክ ሽታ ሲሸተው ደርሶ ነቀለው፤ ስፒናው ከሶኬቱ ጋር ተጣብቆ በጉጠት ነው የወጣው።

ምጣዱን በምን ለካነው? በራሱ በቆጣሪው። ሌላውን ዕቃ ሁሉ ነቀልን፣ ቁጥሩን ጻፍን፣ እትዬ ጋግረው ሲጨርሱ እንደገና ጻፍን። 6 ዩኒት። በሳምንት ሁለት ጊዜ ስለሚጋግሩ 12 ዩኒት ማለት ነው። ከሳሹ ጎረቤታችን "አላልኳችሁም!" አለ።

ከዚያ ስማርት ሶኬቱን የሱ ፍሪዘር ላይ ሰካነው፤ ሰባት ቀን ተወው አልነው። ደህና የሆነ ፍሪዘር ቀዝቃዛው ሲበቃው ይጠፋል፣ ሲሞቅ ይነሳል፣ እንዲህ እያረፈ ነው የሚሠራው። የሱ ግን በስልኩ ግራፍ ላይ ቀጥ ያለ መስመር ነው፤ ቀንም ሌሊትም 170 ዋት ገደማ፣ ዕረፍት የሚባል የለም። በሳምንቱ መጨረሻ 26 ዩኒት። መብራት የሄደባቸው ሰዓታት ባይኖሩ ኖሮ 28 ያልፍ ነበር። የእትዬን ምጣድ እጥፍ አልፎ በላ ማለት ነው። በሩን ስናየው ዙሪያውን ያለው ጎማ ተሰነጣጥቋል፤ በጁባ ሙቀት ውስጥ ቀዝቃዛው ሁሉ ወደ ውጭ ሲፈስ ነው የከረመው። ጎማው ተቀየረ፣ ፍሪዘሩ ከግድግዳው ራቅ ተደርጎ አየር እንዲያገኝ ተደረገ፣ በቀጣዩ ሳምንት 14 ዩኒት ሆነ። መዋጮውም ተቀየረ፤ ሁለቱ ነጋዴዎች የየራሳቸውን፣ የቀረነው ሦስታችን የቀረውን። እትዬ ዛሬም እዚያው ናቸው።

እንግዲህ ዕቃው ውስጡ ምንድነው? ትንሽ ኮምፒውተር፣ የዋይፋይ መቀበያ፣ እና "ቀጭ" ብሎ መስመሩን የሚዘጋና የሚከፍት ሪሌ የሚባል ነገር ነው። ከቤትህ ውጭ ሆነህ ስልክህ ላይ "አጥፋ" ስትል ትእዛዙ በቀጥታ ወደ ቤትህ አይሄድም፤ ወደ ካምፓኒው ኮምፒውተር፣ ሌላ አገር፣ ይሄድና ከዚያ በኢንተርኔት ወደ ሶኬቱ ይመለሳል። ስለዚህ ሦስት ነገር ይፈልጋል፦ መብራት፣ ዋይፋይ፣ እና ያልተቋረጠ ዳታ። ከሦስቱ አንዱ ከጎደለ የርቀቱ ትእዛዝ የለም። ዋይፋዩም 2.4 ጊጋ ኸርዝ የሚባለው መሆን አለበት፤ አብዛኞቹ 5 ጊጋውን አያዩትም። "አልገናኝ አለኝ" ብሎ ዕቃውን የሚጥለው ሰው ብዙ ጊዜ ችግሩ ይሄ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት አለ። የኤምቲኤን ወይም የዜይን ሲም ከስልክ አውጥቶ ሳይሆን በዚያው በስልኩ ሆትስፖት ከፍቶ ሶኬቱን ያገናኛል፤ ቤት ውስጥ እያለ ይሠራለታል፣ ደስ ይለዋል። ስልኩን ይዞ ሲወጣ ዋይፋዩም አብሮት ወጣ! ቤት የቀረው ሶኬት ከማን ጋር ይነጋገር? ከርቀት ለማዘዝ ቤት የሚቀር ራውተር ወይም ማይፋይ ያስፈልጋል፣ እሱም የራሱ ዳታ ይፈልጋል። ለአንድ አምፖል ሲባል በየወሩ ዳታ መሙላት የሚያዋጣ ሒሳብ አይደለም።

መብራት ሄዶ ሲመጣስ? ይሄንን ከመግዛታችሁ በፊት አስቡት፣ እኛ አገር ያለው ኑሮ ይሄው ስለሆነ። አንዳንዱ ሶኬት መብራት ሲመለስ ጠፍቶ ይቀራል፣ አንዳንዱ በፊት የነበረበትን ያስታውሳል። መተግበሪያው ውስጥ መብራት ሲመለስ ምን ይሁን የሚል ምርጫ አለ፤ ብዙ ሰው አይነካውም። ፍሪዘር የተሰካበት ሶኬት ጠፍቶ ከቀረ ጠዋት የምታገኘው የተበላሸ ሥጋ ነው። ካውያና ስቶቭ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ሰው በሌለበት መብራት መጥቶ ቢነሱ እሳት ነው። ሰዓት ሞልተህ በራሱ እንዲበራ ያደረግኸውም ቢሆን፣ ብዙዎቹ መብራት ሄዶ ከመጣ በኋላ ኢንተርኔት እስኪያገኙ ድረስ ስንት ሰዓት እንደሆነ አያውቁም።

ደግሞ ስማርት ሶኬት ከኃይለኛ ኮረንቲ አያድንም። ቮልቱ ሲንር ፍሪጅ የሚያድነው የፍሪጅ ጋርድ የሚባለው ነው፤ እሱ መብራት ሲመጣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቆ ነው የሚለቀው፣ ኮምፕረሰሩ እንዳይመታ። ያለህ ገንዘብ ለአንዱ ብቻ ከሆነ ጋርዱን ግዛ።

ካምፕ ላላችሁ ወገኖች ሁለት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቤታችሁ ያለው መብራት ከትንሽ ሶላርና ከባለ 12 ቮልት ባትሪ የሚመጣ ከሆነ ይሄ ዕቃ አይሠራም። የተሠራው በግድግዳ ሶኬት ለሚመጣው ለ220 እና 230 ቮልት ነው። ሁለተኛ፣ ካኩማ እንዳሉት ብዙ ሰዎች ከግለሰብ ጀነሬተር መስመር ስባችሁ በአምፖልና በዕቃ ብዛት ወርኃዊ ቁርጥ የምትከፍሉ ከሆነ፣ መለካቱ አንድ ሳንቲም አያስቀርላችሁም፤ ብታጠፉትም ብታበሩትም ክፍያው ያው ነው። ጥቅሙ ያለው ቆጣሪ ላለው ሰው ነው።

ኢንተርኔት የማይፈልጉ ሁለት ዘመዶችም አሉት፣ እኔ ብዙ ጊዜ የምመክረው እነሱን ነው። አንዱ በእጅ የሚዞር ባለ ሰዓት ሶኬት ነው፤ ጥርሱን ተጭነህ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ትለዋለህ። መብራት ሲሄድ ሰዓቱም ስለሚቆም ማስተካከል አለብህ፣ ሌላ ጣጣ የለውም። ሁለተኛው የራሱ ስክሪን ያለው መለኪያ ሶኬት ነው፤ ያለ ስልክ ዋቱንና ዩኒቱን ያሳይሃል። የኛን ጸብ እሱም ይፈታው ነበር። አንድ ተገዝቶ ሃያ ቤት እየተዋሰ ሊለካበት ይችላል።

ስማርቱን ከገዛህ ግን አካውንቱን በራስህ ስልክና በራስህ ኢሜል ክፈት። ሱቅ ያለው ልጅ "እኔ ላስጀምርልህ" ብሎ በራሱ ስልክ ከከፈተው፣ ቤትህን የሚያበራውና የሚያጠፋው እሱ ነው፤ መቼ እንደምትገባ መቼ እንደምትወጣም ከፍጆታው ያነበዋል። ያገለገለ ዕቃ ከሆነም ቁልፉን መብራቱ ቶሎ ቶሎ ብልጭ እስኪል ተጭነህ ያዝና አዲስ አስጀምረው፤ የድሮው ባለቤት ከአካውንቱ ካላጠፋው የማይቀበሉም ስላሉ ሳትከፍል እዚያው ሞክረው። በኛ ግቢ መተግበሪያው ያለው እኔ ስልክ ላይ ነበር። ፍሪዘሩን ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ማጥፋት እችል ነበር ማለት ነው። ጎረቤቴ ይሄንን ሲረዳ ደነገጠ፣ ልክም ነው። ልኬቱ እንዳለቀ ሶኬቱን ነቅዬ ፍሪዘሩን ግድግዳው ላይ መለስኩለት።

ስፒናውንም እዩ። ከኡጋንዳና ከኬንያ የሚመጣው ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፣ ከአገራችን የምናውቀው ሁለት ክብ። ጁባ ገበያ ሁለቱም ስለሚደባለቅ ሰው በአዳፕተር ላይ አዳፕተር ይደራርባል፤ የላላው መጋጠሚያ ነው የሚግለው። ለሰካኸው ዕቃ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እጅህን ሶኬቱ ላይ አድርግ። ለብ ካለ ደህና ነው፤ እጅህን ካሸሸህ ንቀለው።

የጎሮሙን ወንድም ምን እንደመለስኩለት ትጠይቁኝ ይሆናል። "ቤትህ ምን ምን አለ?" አልኩት። ሁለት አምፖልና ስልክ ቻርጀር፣ ከሶላር። "እንግዲያው ብርህን ያዝ" አልኩት።