ዙፋኑ ሲወድቅ ሥልጣኑ ወዴት ሄደ? የየካቲት 1966 ሕዝባዊ አመፅ ከጎንደር ሲታይ



የዛሬው ገለጻዬ በአንድ ጥያቄ ላይ ያተኩራል። ሕዝብ ለረጅም ዘመን የገዛውን ሰው ከዙፋኑ ሲያወርድ፣ ሥልጣኑ በማን እጅ ይገባል? ለጥያቄው መልስ የምፈልገው ከ1966ቱ አብዮት ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ እንደሚደረገው ከአዲስ አበባ ሳይሆን፣ ያን ጊዜ የበጌምድርና ሰሜን ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ከነበረችው ከጎንደርና ከዙሪያዋ ደጋ ምድር ሆኜ ልመለከተው እወዳለሁ።

በቅድሚያ የሁነቶቹን ቅደም ተከተል ላስታውስ። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1909 ዓ.ም. አልጋ ወራሽና ባለ ሙሉ ሥልጣን እንደራሴ፣ በ1923 ዓ.ም. ደግሞ ንጉሠ ነገሥት ሆኑ። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. በነገሌ ቦረና የሰፈረው ጦር በምግብና በውኃ ችግር ምክንያት አደመ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ፤ የነዳጅ ዋጋ የናረባቸው የታክሲ ነጂዎችም ተከተሉ። የካቲት 18 ቀን የአስመራው ሁለተኛ ክፍለ ጦር ተነሣ። የካቲት 20 ቀን የጠቅላይ ሚኒስትር አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ሥልጣን ለቀቀ። ከዚያ በኋላ የሠራተኛ ማኅበራት ጠቅላላ አድማ መጣ፤ ሚያዝያ 12 ቀን ደግሞ የሃይማኖት እኩልነትን የጠየቀው ታላቅ ሰልፍ በአዲስ አበባ ተካሄደ። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ በቮልስዋገን መኪና ተሳፍረው ከቤተ መንግሥታቸው ወጡ።

ይህን ዝርዝር ልብ ብላችሁ ተመልከቱት። መምህሩ የትምህርት ፖሊሲውንና ደመወዙን፣ ታክሲ ነጂው ቤንዚኑን፣ ወታደሩ ቀለቡን፣ ሙስሊሙ እኩልነቱን ይዞ ነው የወጣው። በወሎ የረገፈው ሕዝብ ሞት ደግሞ ሁሉንም ጥያቄዎች በአንድ የቁጣ ክር አስተሳሰራቸው። ይሁን እንጂ ጥያቄዎቹን በአንድ መርሐ ግብር አዋሕዶ በአገር ደረጃ የሚመራ ድርጅት አልነበረም። በንጉሡ ዘመን የፖለቲካ ፓርቲ ማቋቋም አይፈቀድም ነበር። ምክር ቤቱ ቢኖርም፣ የሕዝቡን ጥያቄ ተቀብሎ ወደ ሕግ የሚለውጥበት ኃይል አልነበረውም።

ከአንድ ዳር እስከ ሌላው ዳር የተዘረጋ የዕዝ ሰንሰለት፣ የመገናኛ ሬዲዮና የጦር መሣሪያ የነበረው አንድ አካል ብቻ ነው፤ እርሱም ጦሩ ነው። ሰኔ 21 ቀን 1966 ዓ.ም. ከየጦር ክፍሉ የተወከሉ የበታች መኮንኖችና ወታደሮች ኮሚቴያቸውን አቋቋሙ። «ደርግ» የሚለው ቃል ፍቺም ይኸው ኮሚቴ ማለት ነው። እንግዲህ ደርግ አመፁን ሰረቀ ከማለት ይልቅ፣ አመፁ ወራሽ ሳያዘጋጅ ዙፋኑን ባዶ አደረገ፣ ተደራጅቶ የቆመውም ገብቶ ተቀመጠበት ማለት ለእውነት የቀረበ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ደጋው እንውጣ። በወገራ፣ በዳባት፣ በደባርቅና በጃናሞራ የሚኖረው ገበሬ የየካቲቱን አመፅ እንደ ከተሜው አልኖረበትም። ምክንያቱን ከመሬት ሥሪቱ እናገኘዋለን። በደቡብ የነበረው ጭሰኛ የሌላውን መሬት እያረሰ ሲሶና እኩል ይከፍል ነበር፤ ስለዚህ በ1957 ዓ.ም. ተማሪዎች ያነሡት «መሬት ላራሹ» የሚል መፈክር የልቡን የሚናገርለት ነበር። የጎንደር ደገኛ ግን በአብዛኛው ባለ ርስት ነው። ከአንድ አቅኚ አባት በእናቱም በአባቱም ቆጥሮ ድርሻውን ይጠይቃል፣ ይሟገታል፣ ያርሳል። ድሀ ሊሆን ይችላል፤ ጭሰኛ ነህ ቢሉት ግን ይቆጣል። ለእርሱ መንግሥት የሚያስፈራው ርስቱን የለካው ዕለት ነው።

ለዚህ ከአባይ ማዶ ካለው ከጎረቤታችን ከጎጃም የተሻለ ማስረጃ የለም። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ የጎጃም ገበሬ የግብሩ ግምት የርስት ልኬት መቅድም ነው ብሎ ጠረጠረና መሣሪያ አነሣ። መንግሥት የጦር አውሮፕላን እስከ ማሰማራት ደረሰ። በመጨረሻ ግን አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ተነሡ፤ ውዝፍ ግብርም ተሰረዘ። ገበሬው ያሸነፈው ንጉሡን ለማውረድ ሳይሆን ርስቱን ለመጠበቅ ነው። ባሸነፈ ጊዜም ወደ እርሻው ተመለሰ።

በዚህ ምክንያት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በደጋው ሁለት ፊት ነበረው። ርስት ላልነበራቸው፣ ማለትም ለቤተ እስራኤል፣ ለብዙ ሙስሊሞች፣ ለሸማኔውና ለቀጥቃጩ፣ በአባቶቻቸው ዘመን ያልታየ መብት ሰጠ። ይህን መካድ ታሪክን ማጉደል ነው። ለባለ ርስቱ ግን አዋጁ የሩቅ መንግሥት እጅ ወደ አጥንቱ ቆጠራ መግባቱን አመለከተ። ከተሜውና ገበሬው በአንድ አዋጅ ፊት ቆመው የተለያየ ነገር አዩ።

ክፍተቱ ብዙ ሳይቆይ በደም ተሞላ። በ1969 ዓ.ም. በራስ መንገሻ ሥዩምና በቀድሞው የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ በጄኔራል ነጋ ተገኝ የሚመራው ኢዲዩ ሁመራንና መተማን ያዘ፤ ከደጋው ገበሬም ተከታይ አገኘ። በከተማው ደግሞ በየካቲት «መሬት ላራሹ» ያሉት ተማሪዎችና መምህራን በሻለቃ መላኩ ተፈራ የደርግ ተጠሪነት ዘመን በቀይ ሽብር ታደኑ። ልጃቸው የተገደለባቸው እናቶች አልቅሰው እርም ለማውጣት እንኳ ተከለከሉ። አብዮቱን የወለደው ትውልድ የአብዮቱ የመጀመሪያ ተጠቂ ሆነ።

ይህ የእኛ ብቻ ታሪክ አይደለም። ከመተማ ድንበር ማዶ ያለውን ሱዳን ተመልከቱ። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው የኦማር አል በሽር አገዛዝ ሚያዝያ 3 ቀን 2011 ዓ.ም. ወደቀ። ሱዳናውያን ከእኛ የተሻለ የባለሙያዎች ማኅበርና የሰፈር ኮሚቴዎች ነበሯቸው። ይሁንና በሽርን በመጨረሻ ያወረደው ጦር ሥልጣኑን ለሲቪሎች ጠቅልሎ አላስረከበም፤ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያም መልሶ ወሰደው። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ሁለቱ የታጠቁ ኃይሎች እርስ በርስ ተዋጉ፤ ስደተኞቹም በመተማ በኩል ወደ እኛ መጡ።

ቅርብ ያለውንም አልዘለውም። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የተካሄደው ታላቅ ሰልፍ፣ ቀደም ብሎ በኦሮሚያ ከተነሣው ተቃውሞ ጋር ተደምሮ ከ1983 ዓ.ም. ጀምሮ የገዛውን ግንባር አናወጠው። የካቲት 8 ቀን 2010 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሥልጣን ለመልቀቅ መወሰናቸውን አስታወቁ። ተተኪያቸውን የመረጠው ግን ያው የግንባሩ ምክር ቤት ነው። ለውጡን የገፋው አደባባዩ ሲሆን፣ በሩን ከፍቶ የገባው አስቀድሞ የተደራጀው ነበር።

ውድ ተማሪዎች፣ ከዚህ ሁሉ የምወስደው ሕዝብ አይነሣ የሚል ድምዳሜ አይደለም። ሌላ መንገድ ሁሉ ሲዘጋበት ይነሣል፤ ተነሥቷልም። ስለ ማንኛውም አመፅ ስታጠኑ ግን ሦስት ጥያቄዎችን ጠይቁ። ከገዥው ሌላ በአገር ደረጃ የተደራጀው ማን ነው? ከተሜውና ገበሬው አንድ መፈክር ሲሰሙ አንድ ነገር ይረዳሉ ወይ? ገዥው በወረደ ማግስት የሚታዘዘው ሕግ የማን ነው? በ1966 ዓ.ም. እነዚህን ጥያቄዎች ለመጠየቅ ጊዜ አልተገኘም። ለመልሱ የተከፈለውን ዋጋ ግን በዚህች ከተማ የማያውቅ ቤተሰብ ጥቂት ነው።