ጆሮ እስኪለምድ

ገንዘብ አጠራቅሞ ጥሩ ሄድፎን የገዛ ሰው፣ ከካርቶኑ አውጥቶ ጆሮው ላይ ባደረገበት ምሽት ብዙ ጊዜ ቅር ይለዋል። «ባሱ የታለ? ድምፁ ለምን ቀጠነብኝ? የድሮው ይሻል ነበር እንዴ?» ይላል። እኔም ብያለሁ፤ መልሼ ልሸጠውም አስቤ ነበር። ሁለት ሳምንት ታግሼ ሳዳምጠው ግን ከጆሮዬ ላይ ማውረድ አቃተኝ። ሄድፎኑ ያው ነው፤ የተለወጠው ጆሮዬ ነበር። ይህ ለምን እንደሚሆን ማወቅ ገዝቶ ለተከፋም፣ ሊገዛ ላሰበም ይጠቅማል።

ከብዙ ርካሽ ኢርፎኖች የሚወጣው ድምፅ ባሱና ቀጭኑ ጎልቶ፣ መሐሉ ተውጦ ነው። የዘፋኝ ድምፅ፣ ክራርና ማሲንቆ ግን አብዛኛው ውበታቸው ያለው እዚያው መሐሉ ላይ ነው። ለዓመታት በእነዚህ የሰማ ሰው የተጋነነውን ትክክለኛ አድርጎ ይይዘዋል። በርበሬ የበዛበት ወጥ የለመደ ምላስ፣ አልጫ ሲቀርብለት «ምንም ጣዕም የለው» እንደሚለው ነው።

ቀረጻውን ሳያጋንኑ ለማሰማት ከተሠሩት መካከል የጀርመኑ ሴንሃይዘር እ.ኤ.አ. በ1997 ያወጣው ኤችዲ 600 በሰፊው ይታወቃል። ጀርባው ክፍት ነው፤ ከውጭ በኩል ያለው የብረት ወንፊት ብቻ ስለሆነ አየር እንደልብ ይወጣል፣ ይገባል። በዚህ የተነሳ ሙዚቃው ጭንቅላት ውስጥ የታፈነ አይመስልም። በዚያው ልክ የደጁ ጫጫታ ይገባል፤ አጠገብዎ የተቀመጠም የሚሰሙትን ይሰማል። ስለዚህ የቤት እንጂ የታክሲ ዕቃ አይደለም። የኤሌክትሪክ መቋቋሙ 300 ኦም በመሆኑም ከስልክ ይልቅ ከአምፕሊፋየር ጋር ይስማማል።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየኝ በገና ነው። አሥሩ የበገና አውታሮች ከታች በኩል እንዚራ የሚባሉ ቁርጥራጭ ቆዳዎች አሏቸው፤ አውታሩ ሲደረደር ከቆዳው ጋር እየተነካካ ያን የምናውቀውን ንዝረት ይሰጣል። በትንሿ ኢርፎን ንዝረቱ ይሰማል፤ የአውታሩ መሠረት የሆነው፣ ከተጋነነው ባስም በታች ያለው ወፍራም ድምፅ ግን ከነጭራሹ ላይወጣ ይችላል። ዜማው ግን አይጠፋብንም፤ አንጎላችን ከላይ ከሚሰማቸው ድምፆች ተነስቶ የጎደለውን መሠረት ራሱ ይሞላዋልና። በጥሩ ሄድፎን መሠረቱ ራሱ ይመጣል። በመጀመሪያው ምሽት ይህን አላስተዋልኩም። በሳምንቱ ግን የደርዳሪው ጣት አውታሩን ሲለቅ፣ ከዜማው በፊት ትንፋሹን ሲስብ፣ ንዝረቱም ቀስ እያለ ሲከስም እየለየሁ ሰማሁ።

አንጎል መስማትን እንደገና እንደሚማር በሙከራ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1998 የኔዘርላንድ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ፈቃደኞች የጆሯቸውን ቅርጽ የሚለውጥ ነገር እንዲያደርጉ ተደረገ። ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች መለየት ወዲያው አቃታቸው፤ በሳምንታት ውስጥ ግን ተማሩት። ያደረጉት ሲወጣላቸውም የቀድሞው ችሎታቸው እዚያው ነበር።

«ሄድፎኑ ራሱ መቶ ሰዓት ካልሠራ ድምፁ አይከፈትም» የሚሉ አሉ። የጆሮው ትራስ እየለሰለሰ ሲሄድ ድምፁ በጥቂቱ መለወጡ እውነት ነው። ይሁንና ሰው በሌለበት ክፍል ሲጫወት የሚያድር ሄድፎን ማንንም መስማት አያስተምርም። መቀመጥና ማዳመጥ ያስፈልጋል።

እንዲህ ያድርጉ። አሮጌውን ለሁለት ሳምንት መሳቢያ ውስጥ ያስቀምጡት፤ እያቀያየሩ የሚሰሙ ከሆነ ጆሮዎ አዲሱን ለመልመድ ሊዘገይ ይችላል። በቃልዎ የሚያውቋቸውን አምስት ስድስት ዘፈኖች ይምረጡና ኢኳላይዘሩን አጥፍተው በየቀኑ ይስሟቸው። ከካሴት የተገለበጠ አሮጌ ዘፈን ከሆነ የቴፑ ሹሹታ ጎልቶ ይሰማዎታል፤ ቀረጻው ላይ የነበረ ነው።

ባሱ ቢያንስብዎም ድምፁን በመጨመር አያካክሱ። ፍሌቸርና ማንሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት፣ ጆሯችን ዝቅ ባለ ድምፅ ላይ ባስ በደንብ አይሰማም፤ ከፍ ሲል ባሱም ይሞላል። ሁለት ሄድፎኖች ሲወዳደሩ ጥቂት ከፍ ብሎ የሚጮኸው የተሻለ የሚመስለው በከፊል ለዚህ ነው፤ ሲያወዳድሩ የድምፃቸውን ከፍታ ያስተካክሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው፤ 3 ዴሲቤል በተጨመረ ቁጥር የሚፈቀደው ሰዓት በግማሽ ይቀንሳል። የመስማት ችሎታውን የጎዳ ሰው ምንም ያህል ውድ ሄድፎን ቢገዛ የሄደውን አይመልስለትም።

ሁለት ሳምንት ሲሞላ አሮጌውን ከመሳቢያው ያውጡና ያንኑ ዘፈን ይስሙበት። እኔ በገናውን ነበር የሰማሁበት። የእንዚራው ንዝረት እንደ ድሮው አለ፤ ከሥሩ ያለው ወፍራም ድምፅ ግን የለም። ለዓመታት እንደዚያ ስሰማው ኖሬ፣ አንድም ቀን ጎድሎብኝ አያውቅም ነበር።